ለተርኪ አደን ባለ 12 ወይስ ባለ 20 ጌጅ ይሻለኛል?

ሰላም ለእናንተ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ በኤፕሪል ለሚከፈተው የዱር ተርኪ (ዶሮ መሰል ትልቅ ወፍ) አደን እየተዘጋጀሁ ነው። ያለኝ ባለ 12 ጌጅ ፓምፕ ሾትጋን (በአንድ ተኩስ ብዙ ፍሬ የሚረጭ ጠመንጃ) ነው፣ የአፈሙዙ ርዝመት 28 ኢንች፤ ጌጅ የአፈሙዝ ስፋት መለኪያ ሲሆን ቁጥሩ ሲያንስ ስፋቱ ይጨምራል። በ40 ያርድ (37 ሜትር ገደማ) ርቀት በቁጥር 5 የእርሳስ ጥይት (ቁጥሩ ሲጨምር ፍሬው ያንሳል) ስሞክረው ፍሬዎቹ ተበታትነው የዒላማውን ጭንቅላትና አንገት ያገኙት ጥቂት ናቸው። ፉል ቾክ (ፍሬዎቹ እንዳይበታተኑ የአፈሙዙን ጫፍ የሚያጠብ ቱቦ) ስገጥምበት እስከ 30 ያርድ ተሻሻለ። ግን ክፉኛ ይራገጣል፤ ትከሻዬ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ስለሆነ ቃታውን ስስብ ሰውነቴ ይሸማቀቃል። አቁስሎ መልቀቅን ደግሞ በፍጹም አልፈልግም።

ባለ 20 ጌጅ በቁጥር 9 የተንግስተን ጥይት ይበቃል ይሉኛል፤ ተንግስተን ከእርሳስ ስለሚከብድ ትንንሾቹ ፍሬዎች ኃይላቸውን ይዘው ይደርሳሉ። ውድ ነው እንጂ። ጠመንጃው በጣም ሲቀልም ርግጫው ይብሳል። ታዲያ በዚህ ትከሻ፣ ከ40 ያርድ ለማያልፍ ርቀት፣ ባለ 20 ጌጅ ልግዛ ወይስ ያለኝን ባለ 12 በቀለል ያለ ጥይት ልጠቀም?