ሞገድ ከወሰን ሲመለስ የሚገለበጠው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ

የልብስ ማስጫ ገመድ አንዱን ጫፍ የበር እጀታ ላይ አጥብቄ አሰርሁና ሌላውን ጫፍ ይዤ አንድ ጊዜ ወደ ላይ ነቀነቅሁት። ጉብታው እጀታው ጋ ደርሶ ወደ ታች ተገልብጦ ተመለሰ። ገመዱን ከእጀታው ጋር በረጅም የስፌት ክር ሳገናኘው ግን ጉብታው ሳይገለበጥ መጣ። መጽሐፋችን «የታሰረ ጫፍ ይገለብጣል፣ ነፃ ጫፍ አይገለብጥም» ብሎ ያልፋል እንጂ ምክንያቱን አያስረዳም። ድምፅስ ከግድግዳ ሲመለስ እንደዚሁ ይገለበጣል?

መልስ፦ የፊዚክስ መምህር

ጥሩ ሙከራ ነው፤ በተለይ ክሩን ማሰብዎ። ጉብታው እጀታው ጋ ሲደርስ እጀታውን ወደ ላይ ይስበዋል፤ እጀታው ንቅንቅ ስለማይል በፈንታው ገመዱን ወደ ታች ይስበዋል፣ ተገልብጦ የሚመለሰውም ጉብታ ከዚህ ስበት የሚወለድ ነው። በክር የተያዘው ጫፍ ግን ወደ ታች አጥብቆ የሚይዘው ስለሌለ ከጉብታው ቁመት እጥፍ ያህል ወደ ላይ ይወረወራል፤ ሲወረወርም ከኋላው ያለውን ገመድ ወደ ላይ ስለሚስብ የሚመለሰው ጉብታ ቀና ይሆናል። ቀጭኑን ገመድ ከወፍራም ገመድ ጋር ቢቀጥሉት ደግሞ ከፊሉ ያልፋል፣ ከፊሉ ተገልብጦ ይመለሳል። ድምፅም ከግድግዳ ሲመለስ ይገለበጣል።

መልስ፦ የአልትራሳውንድ ባለሙያ

መምህር፣ ስለ ገመዱ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ግን ማብራሪያ ትሻለች። ድምፅ ውስጥ የምንለካው ነገር ሁለት ነው። ግድግዳውን የነካው አየር ወደ ፊትም ወደ ኋላም መሄድ ስለማይችል የአየሩ እንቅስቃሴ በእርግጥ ይገለበጣል፤ ግፊቱ ግን እዚያው ስለሚታመቅ ሳይገለበጥ ይመለሳል፣ ግድግዳው ላይም እጥፍ ይሆናል። ማይክሮፎን በአብዛኛው የሚለካው ግፊትን ስለሆነ የገደል ማሚቶውን ቀና አድርጎ ይመዘግበዋል።

ምን ያህሉ እንደሚመለስ የሚወስነው የወሰኑ ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን የሁለቱ ወገኖች ልዩነት ነው። የአንዱን ቁስ እፍግታ በውስጡ በሚሄደው የድምፅ ፍጥነት ስናባዛ ኢምፔዳንስ የምንለውን እናገኛለን፤ የውሃው ከአየሩ 3,600 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ ከአየር ቀጥታ ውሃ ላይ ከሚያርፈው የድምፅ ጉልበት ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ከ1,000 አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው፤ ውሃ ለእጃችን ለስላሳ ቢሆንም ከአየር ለሚመጣ ድምፅ ግድግዳ ነው። ቆዳ ላይ ጄል የምንቀባውም ለዚህ ነው፤ በመሣሪያውና በቆዳው መካከል ስስ የአየር ንብርብር ከቀረ ሞገዱ ሰውነት ውስጥ ሳይገባ ይመለሳል።

ጠያቂው

አመሰግናለሁ። እንግዲያው ሞገዱ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ አየር ቢያጋጥመው የእኔ የስፌት ክር ዓይነት ነገር ይሆናል?

መልስ፦ የአልትራሳውንድ ባለሙያ

አዎ፣ ነገር ግን የሚለካው ግፊት ስለሆነ ውጤቱ የገመድዎ ተቃራኒ ነው፦ አየሩ በቀላሉ ስለሚገፋ የቲሹው እንቅስቃሴ ቀና ሆኖ ይመለሳል፣ ግፊቱ ይገለበጣል። ጋዝ ያለበት አንጀት ከኋላው ያለውን የሚሸፍንብን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ስለሚመልሰው ነው፤ ማሕፀን ከሆድ በኩል በሚታይበት ጊዜ ታካሚዋን ውሃ ጠጥተው ፊኛዎን ሞልተው ይምጡ የምንለውም፣ የሞላው ፊኛ አንጀቱን ወደ ጎን ገፍቶ ሞገዱ በሽንቱ ውስጥ እንዲያልፍ መንገድ ስለሚከፍት ነው።