የፋርማሲ መግቢያ ፈተና፦ ኬሚስትሪው ወደ ኋላ እየጎተተኝ ነው

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። የሙከራ ፈተና ሠርቼ በባዮሎጂ 82ኛ፣ በኬሚስትሪ 47ኛ ፐርሰንታይል አመጣሁ። ጓደኛዬ ደግሞ በኬሚስትሪ ከመቶ 71 መልሳ 80ኛ ፐርሰንታይል ተባለች። እንዴት ነው ነገሩ? ለኬሚስትሪስ ምን ትመክሩኛላችሁ? ቲዎሪውን ጨርሻለሁ፣ ስሌት ሲመጣ ግን እጄ ይታሰራል።

መልስ
ፐርሰንታይል ከመቶ ያገኘሽው ነጥብ አይደለም። 47ኛ ማለት ከተፈታኞቹ 47 በመቶ ያህሉን በልጠሻል ማለት ነው። ፈተናው ከከበደ በ71 ነጥብ 80ኛ መሆን ያለ ነው። የተፈተናችሁት የተለያየ ፈተና ከሆነ ደግሞ ማወዳደሩን ተዪው።

ሌላ መልስ
እህቴ፣ ንባቡ ይብቃሽ፤ እስክሪብቶ ያዢ። የማቅጠን ስሌት ፋርማሲ ውስጥ የዕለት እንጀራሽ ነው። ጥንካሬው 10 በመቶ የሆነ 50 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ መድኃኒት አለሽ እንበል። 2 በመቶ አድርጊው ቢሉሽ፣ 10 × 50 ለ2 ሲካፈል 250 ይመጣል። ይሄ ጠቅላላው መጠን ነው። የምትጨምሪው ውሃ ግን 200 ብቻ! ፈታኞቹ ሁለቱንም ቁጥር ምርጫ ውስጥ ይከቱልሻል፣ አይምሯችሁም። ጥያቄውን እስከ መጨረሻው አንብቢ።

ጠያቂዋ
ተባረክ ወንድሜ! ካልኩሌተር ይፈቀዳል እንዴ?

ሌላ መልስ
እንደየፈተናው ነው፣ መመሪያውን እዪ። እኔ ብሆን ያለ ካልኩሌተር እለማመዳለሁ። የ2 ሎጋሪዝም (በ10 መሠረት) 0.3 ያህል እንደሆነ ብቻ ያዢ። የሃይድሮጂን አዮኑ መጠን በሊትር 2 × 10⁻⁵ ሞል ከሆነ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፣ የዚህ መጠን ሎጋሪዝም ምልክቱ ተቀይሮ) 5 ሲቀነስ 0.3፣ ማለትም 4.7 ነው። አለቀ።