ከርሰሬ መልእክት እየዘለለብኝ ነው፣ እርዱኝ

ከደብረ ብርሃን፦

ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ ጅምላ ሱቅ ሲስተም ላይ ነው የምሠራው። ኮዱ ሲ ሻርፕ ነው፣ ትእዛዝ በመልእክት መልክ የሚጠራቀመው ኤምኤስኤምኪው (የማይክሮሶፍት የመልእክት ወረፋ) ላይ። የደብረ ሲናም፣ የሸዋ ሮቢትም፣ የአጣዬም ትእዛዝ አንድ ኪው (ወረፋ) ውስጥ ነው የሚገባው። መኪናው ጣርማ በርን ወርዶ ሮቢት የሚሄድ ቀን የሮቢትን ብቻ ለቅሜ ማውጣት አለብኝ። የሌላው ባለበት ይቆያል።

በከርሰር ነው የሠራሁት፣ ማለትም ወረፋው ውስጥ የቱ መልእክት ላይ እንዳለሁ በሚያሳይ ጠቋሚ። መጀመሪያ በፒክ ከረንት (ከርሰሩ ያለበትን ሳያወጡ ማየት) አያለሁ፣ ከዚያ በኔክስት (ወደ ቀጣዩ አልፎ ማየት) እቀጥላለሁ። የሮቢት ሲሆን በዚያው ከርሰር ሪሲቭ አደርገዋለሁ (ከወረፋው አወጣዋለሁ)። ግን ሁለት የሮቢት ትእዛዝ ተከታትሎ ከመጣ ሁለተኛው ይቀራል። ኤረር የሚባል ነገር የለም። ትናንት የአንዲት እናት አሥር ካርቶን ሳሙና እንዲህ ሆኖ ቀረ። ደውለው ሲነግሩኝ በጣም አዘንኩ። በዚያ ብርድ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሎግ ሳገላብጥ አመሸሁ።

ከደብረ ሲና፦

እህቴ፣ ሪሲቭ ካደረግሽም በኋላ ኔክስት እያልሽ ነው አይደል? እሱ ነው የጎዳሽ። ወፍጮ ቤት የተሰለፈውን ጆንያ አስቢ። አንዱ ሲነሳ የኋላው ተገፍቶ ቦታውን ይይዛል። ያኔ አንድ እርምጃ ከሄድሽ እሱን አለፍሽው። ሪሲቭ መልእክቱን ሲያወጣ ከርሰሩ ቀጣዩ ላይ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ካወጣሽ ከረንት፣ ሳታወጪ ካለፍሽ ኔክስት በይ።

ከሸዋ ሮቢት፦

ትክክል ነው። ፕራዮሪቲ (የመልእክት ቅድሚያ ደረጃ) የምትጠቀሚ ከሆነ ግን ሌላም አለ። ከ0 እስከ 7 ነው፣ ካልነካሽው 3 ይሆናል። ከፍ ያለው ወረፋውን ቀድሞ ፊት ይገባል። ከርሰርሽ እዚያን ቦታ አልፎ ከሆነ አያየውም። እኔ የወረፋው ጫፍ ስደርስ ከርሰሩን ዘግቼ በአዲስ ከርሰር ከመጀመሪያው አነባለሁ። ጫፍ መድረስሽን የምታውቂው በአይኦ ታይምአውት ኤክሴፕሽን (የመጠበቂያው ጊዜ አለቀ በሚል ስህተት) ነው። ታይምአውቱን ዜሮ ስጪው፣ አለዚያ አዲስ መልእክት እየጠበቀ እዚያው ይቆማል።

ከደብረ ብርሃን፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አምስት የሮቢት ትእዛዝ አከታትዬ አስገባሁ፣ አምስቱም ወጡ! የዘይት ትእዛዝን ፕራዮሪቲ ከፍ አድርገነዋል፣ ስለዚህ የሁለተኛውንም ምክር ዛሬውኑ እጨምራለሁ። የእናታችን ሳሙና ጠዋት በሚኒባስ ሄዷል።