የሕክምና ቦርድ ማስረጃ የሐኪምን ጥፋት ለማስረዳት ይበቃል ወይ?

ጥያቄ፦
የ19 ዓመት ወንድሜ ክንዱ ተሰብሮ በአንድ የግል ሆስፒታል ጀሶ ታሰረለት። በዚያው ሌሊት ጣቶቹ መደንዘዛቸውን፣ ሕመሙም በማስታገሻ አልበርድ ማለቱን ደጋግመን ብንናገርም «ጀሶ ሲታሰር ያማል፣ ታገሡ» ተባልን፤ ጀሶው የተከፈተው በሦስተኛው ቀን ሲሆን ዛሬ ጣቶቹ ተኮማትረው ብርጭቆ እንኳ መያዝ አልቻለም። የሕክምና ቦርድ 40 በመቶ ቋሚ የአካል ጉዳት መድረሱን በጽሑፍ ሰጥቶናል። ለክሱ ይህ ይበቃናል?

መልስ (ጠበቃ)፦
ወንድምዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። ቦርዱ የመሰከረው የጉዳቱን መጠን ነው፤ በማን ጥፋት እንደ ደረሰ ግን አልተናገረም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2031 ባለሙያን ተጠያቂ የሚያደርገው የሙያውን ደንብ ጥሶ ሲገኝ ስለሆነ፣ ዳኛውም ሐኪም ስላልሆነ፣ ደንቡ ምን እንደሚያዝና የት ላይ እንደ ተጣሰ የሚያብራራ ባለሙያ ያስፈልግዎታል። ሆስፒታሉም ቀጥሮ ለሚያሠራቸው ሐኪሞች ጥፋት በቁጥር 2651 ኃላፊ ነው። ለጤና ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ኮሚቴም አቤቱታ ያቅርቡ፤ ውሳኔውን ለፍርድ ቤት በማስረጃነት ማቅረብ ይቻላል። ኮሚቴውን ሲጠብቁ ግን ጊዜው እንዳያልፍብዎ፤ ከውል ውጭ በሚደርስ ኃላፊነት የሚቀርብ የካሳ ክስ በቁጥር 2143 መሠረት በ2 ዓመት ይርጋ ይታገዳል። ግንኙነቱ የሕክምና ውል ነው፣ ስለዚህ 10 ዓመት አለን ብሎ መከራከር ቢቻልም፣ ማንም በዚያ ተማምኖ እንዲዘገይ አልመክርም።

መልስ (የአጥንት ሐኪም)፦
እብጠት ሲጨምርና ጀሶው ሲጠብቅ ጡንቻው ደም ያጣል፤ ከ6 ሰዓት ገደማ በኋላ ደግሞ ጉዳቱ የማይመለስ እየሆነ ይሄዳል። ይህ ችግር በትክክል በታከመ ሰው ላይም ሊደርስ ስለሚችል፣ መድረሱ ብቻውን ጥፋት አይባልም፤ ክርክሩ ያለው ምልክቱ ከተነገረበት ሰዓት ጀሶው እስከተከፈተበት ሰዓት ባለው ጊዜ ላይ ነው። ስለዚህ የካርዱን ሙሉ ቅጂ፣ በተለይ የነርሶችን የሌሊት መከታተያ ቅጽ ጠይቁ። የጣቶቹ ቀለም፣ ሙቀትና ስሜት በየስንት ሰዓቱ እንደ ታየ የሚገኘው እዚያ ላይ ነው።

መልስ (ልጇ የተጎዳባት እናት)፦
እኛ ካርዱን በቃል ስንጠይቅ «ጠፍቷል» ተባልን፤ በኋላ ፍርድ ቤት አዝዞ ሲቀርብ ሁለት ገጽ ጎድሎ ተገኘ። በጽሑፍ ጠይቁ፣ የገቢ ማኅተምም አስመቱበት። በዚያ ሌሊት ያነሣችሁት ፎቶ ካለም ከስልኩ እንዳይጠፋ።

ጠያቂ፦
ፎቶ አለን፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል የተነሣ ሲሆን ጣቶቹ ጠቁረው ይታያሉ። ማመልከቻውን ነገ ጠዋት አስገባለሁ።