ለውሾች ፊርማ ላሰባስብ ብወጣ ሰው አልቆም አለኝ

ጠያቂዋ፦ ባለቤት የሌላቸው ውሾች በመርዝ መገደላቸው ቀርቶ እንዲከተቡና እንዲመክኑ የሚጠይቅ አቤቱታ ይዘን ፊርማ እያሰባሰብን ነው። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆሜ 19 ፊርማ ብቻ አገኘሁ። «እንስሳት ይወዳሉ?» ብዬ ስጀምር ሰዉ ፈገግ ብሎ ያልፋል። የቆመው ደግሞ «ልጄን ቢነክሱትስ?» ይለኛል። ምን ልመልስ?

ነባር አባል፦ እህቴ፣ እንደዚያ ስትጀምሪ ገንዘብ ልትለምኚው መስሎት ይሸሻል። ጉዳዩን በአንድ ትንፋሽ ንገሪው፦ «ውሾች በመርዝ ከሚገደሉ ይከተቡ እያልን ነው፤ ይፈርሙልናል?» ሰው ከሚጣደፍበት ይልቅ ተሰልፎ በሚጠብቅበት ቁሚ። ባዶ ቅጽም አታቅርቢ፤ የመጀመሪያው ፈራሚ መሆን ማንም አይወድም። እናንተው ቀድማችሁ ፈርሙ።

የእንስሳት ሐኪም፦ «ልጄን ቢነክሱትስ» የሚለውን ሰው እንደ ተቃዋሚ አትዪው፤ ስጋቱ የእናንተም ስጋት ነው። ሰውን ከሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶው የሚተላለፈው ከውሻ ነው። ከውሾች 70 በመቶው ከተከተቡና ክትባቱ ሳይቋረጥ ከቀጠለ ግን የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። መርዙ የተከተበውን ካልተከተበው አይለይም፤ የሞተውንም ቦታ ያልተከተበ መጥቶ ይይዘዋል። ይህንኑ ንገሪው። የሞቱ ውሾችን ፎቶግራፍ ግን ደብቂው፤ ሰው ሳያነብ ፊቱን ያዞራል።

መዝገብ ያዥ፦ ስለ ወረቀቱ ማንም አላነሳም! የአቤቱታው ቃል በእያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ መታተም አለበት። ስምና ፊርማ ብቻ ያለበትን ገጽ ተቀባዩ «ምን ብለው እንደፈረሙ በምን አውቃለሁ?» ይላል። እኔ 200 ፊርማ የወደቀብኝ በዚህ ነው። ስልክ ቁጥር ግዴታ ካልሆነ አትጠይቁ። የማይነበብና የተደገመ ስለሚሰረዝ ከሚፈለገው በላይ ሰብስቡ። በአውሮፓ ኅብረት የዜጎች አቤቱታ ቢያንስ 1 ሚሊዮን ፊርማ ያስፈልገዋል፤ እንስሳት በሽቦ ሳጥን ታጉረው እንዳይረቡ የጠየቀውና እ.ኤ.አ. በ2020 የቀረበው ግን ተጣርቶም ወደ 1.4 ሚሊዮን ነበረው።

አዲስ አባል፦ በኢንተርኔት ማስፈረም አይቀልም?

መዝገብ ያዥ፦ ይቀላል፤ አንዱ ሰው በሦስት ኢሜይል ሦስት ጊዜ መፈረሙም ይቀላል። መጀመሪያ ተቀባዩ መሥሪያ ቤት ይቀበለው እንደሆነ ጠይቁ።

ጠያቂዋ፦ አመሰግናለሁ። ስናስገባስ የምንጠነቀቀው ነገር አለ?

መዝገብ ያዥ፦ ዋናውን ከመስጠታችሁ በፊት የሁሉንም ገጽ ቅጂ ያዙ፤ በቅጂው ላይ ቀንና የገቢ ማኅተም አስደርጉ። እስክሪብቶውንም በክር እሰሪው፤ እኔ በአንድ ቀን አራት ጠፍቶብኛል።