«ዝናቡ ፈጃቸው» የምትሉ፣ ማንን ነው የፈጀው?

የሱፎልሱ፦ ትናንት እዚሁ የተለጠፈው አልዋጥ ብሎኝ ነው። «ሜይንና ጁንን ሲዘንብ ከረመ፣ ፌዛንቶቹን (የምናድናቸውን የሜዳ ወፎች) ዝናቡ ፈጃቸው፣ ዘንድሮ ሳውዝ ዳኮታ ለአደን መሄድ ነዳጅ ማቃጠል ነው» ይላል። ስንቱ አጨበጨበለት። ማንን ነው የፈጀው? እንቁላሉን፣ ጫጩቱን ወይስ እናቲቱን? ሦስቱ የየራሳቸው ሂሳብ አላቸው።

ባለ ውሻው፦ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፣ አልደበቅም። ጫጩቱን ነዋ! ሁለት ሦስት ሳምንት እስኪሞላው የገላውን ሙቀት በራሱ አይዝም። ከራሰ እናቱ ክንፍ ሥር ይወሸቃል። እዚያ ተወሽቆ ሲውል ደግሞ አይበላም፤ በዚያ ዕድሜው ምግቡ ነፍሳት ነው፣ ጥንዚዛ ደግሞ ክንፍ ሥር ድረስ አይመጣለትም። ብርዱ ቢስተው ረሃቡ አይስተውም። ይሄ መፍጀት ካልሆነ ምን ልበለው፣ «ቅር አሰኛቸው»?

የሱፎልሱ፦ ጎበዝ። አሁን ካላንደር አውጣ። ሴቷ ከ10 እስከ 12 እንቁላል ጥላ 23 ቀን ያህል ትታቀፋለች፤ እዚህ አካባቢ ፍልፈላው የሚደምቀው ጁን አጋማሽ ላይ ነው። የሜይ ዝናብ የሚያገኘው እንቁላል ነው፣ ጫጩት ገና የለም። ጎጆዋን ውሃ ከወሰደባት ሌላ ትሠራለች፤ እንቁላሉ ያንሳል እንጂ ትጥላለች። ጉዱ ከፈለፈለች በኋላ ጫጩቶቹ ካለቁባት ነው፤ በዚያ ዓመት ባብዛኛው አትደግምም። እና የሜይ 10 ዶፍና ጁን 15 ላይ ከብርድ ጋር ሦስት ቀን የማያባራ ካፊያ አንድ ናቸው? አንተ ሁለቱን በአንድ ጆንያ ከተሃቸዋል።

የደሞይኗ፦ ሜይንም እንዲህ በነጻ አትልቀቁት። የአይዋ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት የቆየ መለኪያ አለው፦ የክረምቱ ስኖው ከ31 ኢንች በታች ሆኖ የኤፕሪልና የሜይ ዝናብ ከ8 ኢንች ካላለፈ ወፉ ይጨምራል። ከ2007 እስከ 2011 ስኖው እየከበደ ጸደዩም እየራሰ ሄደ፤ በ2011 ቆጠራው ከዚያ በፊት ታይቶ ወደማያውቅ ዝቅታ ወረደ።

ሴንት ፖል፦ ቆይ፣ የክረምት ስኖው? ክረምት እኮ ጁን፣ ጁላይ፣ ኦገስት ነው። የምናወራው ስለ ዝናብ ነው ወይስ ስለ ስኖው?

የደሞይኗ፦ የአገር ቤቱን ክረምት ደሞይን ላይ ፈልገው። ዊንተር ልበልልህ፣ ደስ ይበልህ።

ሴንት ፖል፦ በአማርኛ ዊንተር በጋ ነው። ለምን ታበላሹታላችሁ?

ባለ ውሻው፦ ሰውዬ፣ ይሄ የአማርኛ ክፍለ ጊዜ አይደለም። እህቴ እግዜር ይስጥሽ። የሱፎልሱ፣ ሰማህ? አምስት ዓመት ሙሉ ዝናቡ ፈጃቸው።

የሱፎልሱ፦ «ስኖው» ብላ ነው የጀመረችው፤ ለምን ዋጥከው? ስኖው የሚገድለው እናቲቱን ራሷን ነው፤ እናት ከሌለች ዝናቡ ምን ያገኛል? ደግሞ መሬቱን አስታውስ። ገበሬው መሬቱን ለ10 ወይም ለ15 ዓመት በሣር እንዲተው የሚከፈልበት ሲአርፒ በ2007 በአገር ደረጃ 36.8 ሚሊዮን ኤከር ደርሶ ነበር። በዚያ ዓመት ሳውዝ ዳኮታ ብቻ ከ2 ሚሊዮን በላይ አውራ ተመታ። ከዚያ የበቆሎ ዋጋ ወጣ፣ ውሉ ሲያልቅ ሣሩ ታረሰ። ያረሰው ዝናብ አይደለም።

አባ ጤዛ፦ ልጆች፣ 2017ን ማን አነሣ? ሳውዝ ዳኮታ ላይ ድርቅ ነበር፣ ቆጠራው ከ2016 በ45 በመቶ ወረደ። ዝናብ ሲጠፋ ለጫጩት የሚሆነው ነፍሳት ይሳሳል፣ ሣሩ ቁመት አያወጣም፣ ለከብት መኖ ተብሎ ሲአርፒው ራሱ እንዲታጨድ ይፈቀዳል። ቁጥር ስታነቡም አቆጣጠሩን ዕወቁ። የሚኒሶታ ቆጣሪ ኦገስት መጀመሪያ ላይ፣ ፀሐይ ስትወጣ ጀምሮ፣ 25 ማይል በዝግታ ይነዳል። የሚመርጠው ጤዛ የከበደበት፣ ነፋስ የሌለበት ጠዋት ነው። ሣሩ ሲርስ እናቲቱ ጫጩቶቿን አስከትላ ጠጠር መንገዱ ላይ ትወጣና ላባዋን ታደርቃለች። ጤዛ ከሌለ አትወጣም፤ ወፉ ሜዳው ላይ እያለ ወረቀቱ ላይ የለም። ሳውዝ ዳኮታማ ይህን ቆጠራ በ2020 አቁማ ነበር። ታዲያ ዘንድሮ ማለቃቸውን በምን ቆጥራችሁት ነው?

ባለ ውሻው፦ ጋሼ፣ እርስዎን አክብሬ ነው። ግን ድርቅም ስለሚገድል ዝናቡ ነጻ ወጣ ማለት ነው?

አባ ጤዛ፦ ነጻ አላወጣሁትም። የያዝኩብህ «ፈጃቸው» ያልካትን ነው።

ሴንት ፖል፦ ዝናብ አጨዳም ያዘገያል። የመጀመሪያው የአልፋልፋ (የከብት መኖ) አጨዳ የሚገጥመው ልክ ከመታቀፏ ጋር ነው፤ እናቲቱ ደግሞ ማሽኑ አናቷ ላይ እስኪደርስ አትነሣም። ሁለት ሳምንት ከዘነበ ፈልፍላ ትወጣለች።

የደሞይኗ፦ ወይም ጎጆዋን ውሃ ወስዶባት ሁለተኛውን ስትታቀፍ የዘገየው ማጨጃ ይደርስባታል። ግማሹን ብቻ አትንገረን። የሚኒሶታ ሕግ ከአስፋልቱ ዳር 8 ጫማ አልፎ ያለው የመንገድ ዳር ሣር እስከ ጁላይ መጨረሻ እንዳይታጨድ የሚለው ለነዚህም ጭምር ነው። ስንቱ እንደሚያከብረው ሌላ ጉዳይ።

ሴንት ፖል፦ ስለ ክረምት ያልኩት ግን መልስ አላገኘም።

የሱፎልሱ፦ ለሚወጣ ሰው የሚጠቅመውን ልበል። ጸደይ ከራሰ በቆሎ ዘግይቶ ይዘራል፤ 2019 እንደዚያ ነበር። ኦክቶበር ሦስተኛው ቅዳሜ አደኑ ሲከፈት በቆሎው ገና ቆሟል፣ ወፉም እዚያው ውስጥ ነው፤ እናንተ ሣር ስትረግጡ ትውሉና «አልቋል» ትላላችሁ። በቆሎው ከተነሣ በኋላ፣ ኖቬምበር ላይ፣ ፊላውን ዳር ዳሩን ያዙ። ሌላው፣ የሁለተኛ ጎጆ ልጆች በመክፈቻው ቀን 11 ወይም 12 ሳምንት ቢሆናቸው ነው። ወንዱ ጅራቱ አጭር፣ የአንገቱ ነጭ ቀለበት ያልገጠመ፣ ደረቱ ላይ ጣል ጣል ያለ የነሐስ ቀለም ላባ፤ ፀሐይ ፊት ለፊታችሁ ከሆነ ሴት ይመስላችኋል። ካልለያችሁ አትተኩሱ፣ ሴት መምታት ክልክል ነው። እንዲህ ያለው ከበዛባችሁ ግን ዝናቡ የመጀመሪያውን ጎጆ ወስዶ ሁለተኛው ተሳክቷል ማለት ነው።

ባለ ውሻው፦ «ዝናቡ የመጀመሪያውን ጎጆ ወስዶ»። በገዛ እጅህ ጻፍከው። ስክሪንሾት ይዣለሁ።

የሱፎልሱ፦ ጎጆ ነው ያልኩት። ጫጩት ያልከው አንተ ነህ፣ ወደ ላይ ውጣና አንብብ።

ባለ ውሻው፦ ፈጅቷል ወይስ አልፈጀም?