ኖርተን የሚባል ወይን ማን ይገዛል?

የሱቁ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ትናንት አንድ ወንድማችን "ሰው ያልጠየቀውን ወይን መደርደር ገንዘብ ማሰር ነው" ብሎ ነበር፤ ብዙዎቻችሁም ደገፋችሁት። እኔ አልስማማም። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ወይን ሱቅ ቆሜ ስሸጥ ስድስት ዓመቴ ነው። ሰው የሚፈራው ጣዕሙን ሳይሆን ስሙን ነው። ሜርሎ፣ ካበርኔ እያልኩ የታወቁትን የፈረንሳይ ቀይ ወይኖች ስጠራ ዘና ይላል። ኖርተን ስል ጠርሙሱን አገላብጦ ያይና ቀስ ብሎ ቦታው ይመልሰዋል። ዶክተር ዳንኤል ኖርተን በ1820ዎቹ እዚሁ ሪችመንድ ያገኘው የቨርጂኒያ የቀይ ወይን ዝርያ ነው እኮ!

ባለፈው አንዲት እናት ለምርቃት የሚሆን ወይን ሊገዙ መጡ። ኖርተን ትንሽ ቀዳሁላቸው። ወደዱት፣ ድገመኝም አሉ። ይዘው የወጡት ግን ሜርሎ ነው። "ልጄ፣ ይሄን ይዤ ብሄድ ምን አመጣችብን ይሉኛል" አሉኝ። ብዙዎቻችን ወይን የምንገዛው ለራሳችን አይደለም፤ ባዶ እጅ ላለመሄድ ነው። ሰው ቤት ይዘኸው የምትሄደው ነገር ደግሞ ማብራሪያ ባያስፈልገው ትመርጣለህ።

የሎውደን ገበሬ፦
ወንድሜ፣ ጠጪውን ብቻ አትውቀስ። የአብቃዩንም ሂሳብ እየው። እኔ የምሠራው እዚሁ ሰሜን ቨርጂኒያ፣ ሎውደን ያለ ወይን እርሻ ላይ ነው። ዛሬ የተከልከው ሐረግ ደህና ፍሬ እስኪሰጥህ 3 ዓመት ገደማ ትጠብቃለህ፣ ከዚያ በኋላ 25 እና 30 ዓመት እዚያው ቆሞ ይኖራል። ጤፍ ቢሆን ዘንድሮ ነጩን ዘርተህ ካላዋጣህ ለከርሞ ቀዩን ትዘራለህ። ወይን እንደዚያ አይደለም፤ ከተሳሳትክ ዕድሜህን ነው የምትከፍለው። ያበደረህ ባንክም የሚያውቀው ካበርኔን ነው።

ኖርተን ደግሞ ራሱ ያስቸግራል። ቅርንጫፉን ቆርጠህ ብትተክለው እንደ ሌላው በቀላሉ ሥር አይሰድም። ፍሬው ትንንሽ ነው፣ ዘር ይበዛዋል፣ ስትጨምቀው የሚወጣልህ ጭማቂ ያንሳል። ቀድመህ ከለቀምከው ያኮመታትራል፣ ስለዚህ ቀኑ እየቀዘቀዘ ወፉም እየለቀመብህ ትጠብቃለህ።

የሱቁ ልጅ፦
ልክ ነህ፣ ግን የፈንገስ መድኃኒት ርጭቱን ለምን አልቆጠርከውም? የቨርጂኒያ ሰመር ሙቀትም እርጥበትም ነው፣ ለፈንገስ ሠርግና ምላሽ። የአውሮፓ ዝርያ ያለ ተደጋጋሚ ርጭት እዚህ አይቆምም። ፕሬዚዳንት የነበረው ቶማስ ጄፈርሰን እዚሁ ቨርጂኒያ ሞንቲቼሎ በሚባለው እርሻው ላይ የአውሮፓ ወይን ለማብቀል ስንት ዓመት ለፋ፣ አልያዘለትም። ኖርተን ግን የዚሁ አየር ልጅ ነው፣ ፈንገሱን ይቋቋመዋል። በ1873 በቪየናው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የሚዙሪ ኖርተን ተሸልሟል። ከዚያ ከ1920 እስከ 1933 መጠጥ በአዋጅ ሲከለከል እርሻው ተበተነ፣ የሚያውቀውም ሰው አለቀ። ሰው ስሙን የረሳው ወይኑ ስለከፋ አይደለም። ሚዙሪዎች እንኳ በ2003 የስቴታችን ወይን ነው ብለው በሕግ አውጀውታል፣ የተወለደባት ቨርጂኒያ ግን እንግዳ አድርጋዋለች። ይሄ ያንገበግበኛል።

ቀማሿ፦
እኔ በግልጽ ልናገር። ኖርተን ገዝቼ ቀምሻለሁ፣ አልወደድኩትም። ኮመጠጠኝ፣ ቀለሙም ጥርሴን ወይን ጠጅ አደረገው። አዲስ ነገር ሞክሪ የሚለኝ ሰው ገንዘቡን አይከፍልልኝም። ሜርሎ ስገዛ ቢያንስ ምን እንደማገኝ አውቃለሁ። ደግሞ የአሜሪካ ወይን ሲባል ያ የጄሊ ሽታ ነው ትዝ የሚለኝ።

የሱቁ ልጅ፦
እህቴ፣ አለመውደድ መብትሽ ነው። የጄሊው ሽታ ግን የኮንኮርድ ነው፣ እሱ ሌላ የአሜሪካ ዝርያ ነው። በኮንኮርድ ጥፋት ኖርተን ሲቀጣ ኖሯል። ኮምጣጣነቱ እውነት ነው፣ አልክድሽም። ጥቂት ዓመት ያደረ ጠርሙስ ከጥብስ ጋር ሲሆን ግን ያ ኮምጣጣነት ስቡን ይቆርጠዋል።

ከሜሪላንድ፦
ችግሩ ስም ነው ለሚለው ቺሊን እዩ። ካርሜኔር የሚባለውን ዝርያ ለስንት ዘመን ሜርሎ ብለው ሲሸጡት ዓለም ያለ ቅሬታ ጠጣው። በ1994 ዣን ሚሼል ቡርሲኮ የሚባል ፈረንሳዊ ባለሙያ መጥቶ ይሄ ሜርሎ አይደለም አላቸው። ወይኑ ያው ወይን ነው፤ በራሱ ስም ለመሸጥ ግን እንደ አዲስ ማስተማር ግድ ሆነ። በወይን የታወቀችው የፈረንሳይ ክልል ቦርዶም ራሷ ሙቀቱ ሲበረታባት በ2021 ስድስት አዳዲስ ዝርያዎች ተፈቀዱላት፣ ግን አንድ አብቃይ ከእርሻው ከ5 በመቶ በላይ እንዳይተክል፣ ከቅይጡም ከ10 በመቶ እንዳያልፍ፣ ስማቸውም ጠርሙሱ ላይ እንዳይጻፍ ተብሎ ነው። ያ ሁሉ ዝና ያላቸው ሰዎች እንኳ ስሙን መጻፍ ከፈሩ ከእኛ ሱቅ ምን ትጠብቃላችሁ?

የሎውደን ገበሬ፦
አየህ፣ እኔም የምለው ይሄንን ነው። ማንም ብቻውን አይደፍርም። እኔ እንድተክል አንተ መደርደሪያህ ላይ ቦታ እንደምትሰጠኝ አስቀድሜ ማወቅ አለብኝ።

የሱቁ ልጅ፦
ቦታውን እሰጣለሁ። ባለቤቱን አስፈቅጃለሁ፣ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ አንድ የኖርተን ጠርሙስ ለቅምሻ ይከፈታል፣ ወጪው የሱቁ ነው። ያቺም እናት እንዲመጡ ደውያለሁ።

ቀማሿ፦
ያደረውን ከሆነ የምትከፍተው እመጣለሁ። ካልጣመኝ ግን እዚሁ መጥቼ እጽፋለሁ።